ፋይሉ አጠገቤ ተቀምጦ ፓይተን ለምን «የለም» ይለኛል?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ከደብረ ማርቆስም፣ ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከባሕር ዳርም ቢመጡ ዞረው ዞረው የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው፤ ኢምፖርት ላይ፣ ማለትም በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ አንድ ፋይል ሌላውን በሚጠራበት መስመር ላይ። ሞጁል ስል አንድ የፓይተን ፋይል፣ ፓኬጅ ስል ደግሞ ሞጁሎችን የያዘ ፎልደር ማለቴ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ በሙሉ ለእሱ ለቅቄለታለሁ። ኮዱን እንደ ልማዳችን በፊደላችን ነው የምናትመው። እናንተ ስትጽፉት ፍሮም፣ ኢምፖርት፣ ፕሪንት፣ ሲስ፣ ፓዝ የመሳሰሉት የፓይተን የራሱ ቃላት፣ ተርሚናል ላይ የሚጻፉት ትእዛዞችና «ፓይ» የሚለው የፋይል ማብቂያ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁኑ። እናንተ የምታወጧቸውን የፎልደርና የፋይል ስሞች ግን በአማርኛ ብትተዋቸውም ይሠራሉ። እሱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደብረ ማርቆስ ነው የምማረው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ። ለኮርስ ፕሮጀክት የእህል ዋጋ የሚመዘግብ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። «ፕሮጀክት» የሚል ፎልደር አለኝ፤ በውስጡ «ገበያ» የሚል ፓኬጅ፣ በገበያ ውስጥ ደግሞ «ጤፍ»፣ «በቆሎ» እና «መሣሪያ» የሚሉ ፓኬጆች አሉ። ጤፍ ውስጥ «ዋጋ» እና «ሪፖርት» የሚሉ ፋይሎች አሉኝ። ሪፖርት ላይ «ፍሮም ገበያ.ጤፍ ኢምፖርት ዋጋ» ብዬ ጽፌ ጤፍ ፎልደር ውስጥ ገብቼ ራን ሳደርገው «ገበያ የሚባል ሞጁል የለም» ይለኛል። እንዴት የለም? በዓይኔ እያየሁት! ይባስ ብሎ ያንኑ ኮድ ጓደኛዬ ፓይቻርም በሚባለው የኮድ መጻፊያ ላይ ሲያስኬደው ምንም አይለውም። ችግሩ የኔ ኮምፒውተር ነው?

መልስ፦ ኮምፒውተርህ ጤነኛ ነው። ኮድህም ጤነኛ ነው። ችግሩ የተነሳህበት ቦታ ነው።

ሰው መንገድ ሲጠይቅህ መጀመሪያ «ከየት ነው የምትመጣው?» ትለው የለ? «ደምበጫ ከማርቆስ ቀጥላ ናት» ማለት ከደጀን ለሚመጣ ሰው ልክ ነው። ከባሕር ዳር ለሚመጣው ግን ማርቆስ ደረሰ ማለት ደምበጫን ካለፋት ቆይቷል። ፓይተንም ፋይሉ የት እንደተቀመጠ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከየት ጀምሮ እንዲፈልግ እንደተነገረው ብቻ ነው። ፎልደሩን አንተ ማየትህ ለእሱ ምኑም አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፓይተን ሲነሳ የፎልደሮች ዝርዝር ይይዛል። ሲስ ፓዝ ይባላል። ኢምፖርት የሚል መስመር ሲያጋጥመው መጀመሪያ «ይሄን ሞጁል ከዚህ በፊት ጭኜዋለሁ ወይ?» ብሎ ሲስ ሞጁልስ የሚባለውን መዝገብ ያያል። ካለ በቃ፣ ያንኑ ይሰጥሃል፤ ፍለጋ የለም። ከሌለ፣ ከራሱ ጋር አብረው የተሰሩ ሞጁሎች ውስጥ እንዳለ ያያል። እዚያም ከሌለ ነው ወደ ሲስ ፓዝ የሚዞረው፤ ከላይ ወደ ታች፣ በተራ፣ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ያቆማል። ዝርዝሩ ካለቀ ደግሞ ያ የምታውቀው ኤረር ይመጣል።

አሁን ዋናው ነገር የዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ምን አለ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ተርሚናሉ ያለበት ፎልደር ይመስለዋል። አይደለም! ፋይል በስሙ ጠርተህ ራን ስታደርግ የመጀመሪያው መስመር ፋይሉ ራሱ የተቀመጠበት ፎልደር ነው፤ አንተ የትም ሁን የት። በዓይንህ ለማየት ሪፖርት ላይ ከኢምፖርቱ በላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጨምር፦

ኢምፖርት ሲስ
ፕሪንት(ሲስ.ፓዝ)

ሊኑክስ ላይ ከሆንክ የሚወጣልህ ወደዚህ የቀረበ ነው። የመጀመሪያው «…/ፕሮጀክት/ገበያ/ጤፍ» ይላል። ቀጥሎ የፓይተን የራሱ ላይብረሪ ያለባቸው ፎልደሮች ይመጣሉ፤ ከነሱ አንዱ ዚፕ ፋይል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው የለም፣ እሱን አታስበው። መጨረሻ ላይ ሳይት ፓኬጅስ አለ፤ ፒፕ በሚባለው የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ የጫንካቸው ነገሮች የሚገቡበት ነው። አሁን አንተው ራስህ ፓይተንን ሁንና ፈልግ። ጤፍ ፎልደር ውስጥ ገበያ የሚባል ነገር አለ? የለም፤ ዋጋ እና ሪፖርት ናቸው ያሉት። ላይብረሪው ውስጥስ? የለም። ሳይት ፓኬጅስ ውስጥስ? የለም። ገበያ ያለው ከጤፍ በላይ ነው፣ ፓይተን ደግሞ ወደ ላይ አይወጣም። ማንም ውጣ ካላለው በስተቀር የወላጅ ፎልደር የሚባል ነገር አይታየውም። «የለም» ሲልህ እውነቱን ነው።

የጓደኛህ ለምን ሠራ? ፓይቻርም የፕሮጀክቱን ዋና ፎልደር ፓይተንፓዝ በሚባለው መንገድ ሳይነግርህ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሚጨምርልህ ነው። ደግ ሥራ ነው፣ ግን ጣጣ አለው። ያው ኮድ ሰርቨር ላይ ወይም መምህርህ ላፕቶፕ ላይ ሲሄድ ያ ደግነት አብሮት አይሄድም፤ የጓደኛህም ኮድ ተርሚናል ላይ እንዳንተው ይወድቃል። ንገረውና ይሞክረው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ፕሮጀክት የሚለው ፎልደር ላይ ቁም፣ ከገበያ በላይ ማለቴ ነው፣ ከዚያ፦

ፓይተን -ኤም ገበያ.ጤፍ.ሪፖርት

ሰረዟን ልብ በል። በፎልደር መለያ ዘንግ ፋንታ ነጥብ ነው የገባው፣ መጨረሻው ላይም «ፓይ» የለም፤ ምክንያቱም አሁን የሰጠኸው የሞጁል ስም እንጂ የፋይል አድራሻ አይደለም። በዚህ መንገድ ስትጠራው የሲስ ፓዝ የመጀመሪያ መስመር አንተ የቆምክበት ፎልደር ይሆናል። ፕሮጀክት ላይ ቆመሃል፣ ገበያ እዚያው ነው፣ ተገኘ።

ከተገኘ በኋላ ያለው አካሄድ ደግሞ ብዙ ሰው የማይነግርህ ነው፣ በጣም የሚጠቅምህም እሱ ነው። «ገበያ.ጤፍ.ዋጋ» ስትል ፓይተን ሙሉውን ስም በአንዴ አይፈልግም። መጀመሪያ ገበያን ብቻ በሲስ ፓዝ ይፈልጋል፣ ሲያገኘው በፓኬጁ ውስጥ ያለውን ኢኒት የሚባል ፋይል (ከስሙ ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ አለው) ያስኬዳል፣ ለገበያም ፓዝ የሚባል የራሱን ትንሽ ዝርዝር ይሰጠዋል። ቀጥሎ ጤፍን ሲፈልግ ወደ ሲስ ፓዝ አይመለስም፤ የገበያን ዝርዝር ነው የሚያየው። ዋጋን ሲፈልግ ደግሞ የጤፍን። ስለዚህ ሲስ ፓዝ ወሳኝ የሚሆነው ለመጀመሪያው ስም ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰቃየው፦ የሆነ ቦታ ላይ ሌላ «ገበያ» የሚባል የቆየ ኮፒ ካለህና በዝርዝሩ ቀድሞ ከተገኘ፣ ጤፍ ደግሞ በውስጡ ከሌለ፣ ፓይተን «እሺ ቀጣዩን ገበያ ልሞክር» አይልም። መጀመሪያ ያገኘው ላይ ተቸክሎ «በገበያ ውስጥ ጤፍ የለም» ይልሃል። ኤረሩ ከተሳካው ስም ቀጥሎ ባለው ስም ላይ ከሆነ ትክክለኛው ገበያ ላይ ይሁን አይሁን ለማየት «ፕሪንት(ገበያ.ፓዝ)» በል፤ ፓዝ ከሚለው ቃል ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ አለው። ከየትኛው ፎልደር እንደመጣ ይነግርሃል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ «እንዴ! ይሄ የት ነበር?» የምትለው ያኔ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ሌላ መድኃኒት ማግኘትህ አይቀርም፦ በየፋይሉ አናት ላይ «ሲስ.ፓዝ.አፔንድ» ብሎ ፎልደሩን በእጅ መጨመር። ይሠራል፣ አልዋሽህም። ግን ፎልደር ባዛወርክ ቁጥር በየፋይሉ እየዞርክ ልታስተካክለው ነው፤ አንዱን ሞጁል በሁለት የተለያየ ስም ሁለት ጊዜ ልታስጭነውም ትችላለህ። በዋጋ እና በገበያ.ጤፍ.ዋጋ የተጫኑ ለፓይተን ሁለት የማይተዋወቁ ሞጁሎች ናቸው። አንዱ ላይ የቀየርከው ነገር ሌላኛው ላይ አይታይም፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስትፈልገው ታድራለህ።

ፕሮጀክትህ ከኮርስ አልፎ የሚቀጥል ከሆነ በፕሮጀክት ፎልደር ውስጥ ፓይፕሮጀክት ቶምል የሚባለውን የፕሮጀክት መግለጫ ፋይል አዘጋጅና በቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (ለፕሮጀክቱ ብቻ በተለየ የፓይተን ማስቀመጫ) ውስጥ «ፒፕ ኢንስቶል -ኢ .» በል። ኢንስቶል ይሆናል፣ ግን ኮፒ አይደረግም፤ ፋይሎችህን ባስተካከልክ ቁጥር ለውጡ ወዲያው ይታያል። ከዚያ በኋላ የትም ቁም ገበያ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነው የምጽፈው። ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት «ፍሮም .ዋጋ ኢምፖርት አማካይ» ብዬ በነጥብ ሞከርኩ። «የወላጅ ፓኬጅ አይታወቅም» የሚል ኤረር ሰጠኝ። ነጥቧ «አጠገቤ ያለው» ማለት አልነበረም እንዴ? ፋይሎቹ እኮ አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው!

መልስ፦ እህቴ፣ ነጥቧ ፎልደር አትቆጥርም፤ ስም ነው የምትቆጥረው። አብዛኛው ግራ መጋባት ከዚህ ነው።

እያንዳንዱ ሞጁል ሲጫን የማን ልጅ እንደሆነ ይጻፍለታል። ሪፖርት በትክክል ሲጫን «ገበያ.ጤፍ» የሚል ይጻፍለታል። አንድ ነጥብ «እኔ ያለሁበት ፓኬጅ» ማለት ነው፣ ስለዚህ .ዋጋ ማለት ገበያ.ጤፍ.ዋጋ ይሆናል። ሁለት ነጥብ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ነው፤ ..መሣሪያ ማለት ገበያ.መሣሪያ። ሦስት ነጥብ ብትይ ደግሞ ከገበያም በላይ መውጣት ነው፤ ከዚያ በላይ ፓኬጅ ስለሌለ «ከዋናው ፓኬጅ አልፈሻል» የሚል ሌላ ኤረር ይመጣል። ፕሮጀክት የሚለው ፎልደር እዚያ እንዳለ ብናውቅም የስሙ አካል አይደለም።

አንቺ ግን ፋይሉን በቀጥታ ነው ያስኬድሽው። ያኔ ስሙ «ሜይን» ይሆንና የማንም ልጅ አይደለም፤ ወላጅ የለውም። ወላጅ ለሌለው ሞጁል አንድ ነጥብ ምን ማለት ይሁን? ከላይ ለማርቆሱ ልጅ እንዳልኩት በ«-ኤም» አስኪጂው፣ ያኔ ወላጁን ያውቃል፣ ነጥቧም ትሠራለች።

ይሄ ነጥብ ነገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ድሮ በፓይተን 2 ጊዜ «ኢምፖርት ዋጋ» ስትዪ መጀመሪያ የራስሽን ፓኬጅ ይፈልግ ነበር፣ ከዚያ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። ስለዚህ ኮዱን አንብቦ የትኛው ዋጋ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም ነበር። በ2006 በወጣው ፓይተን 2.5 ነጥቧ ገባች፣ በ2008 ፓይተን 3 ሲወጣ ደግሞ ያ የድሮው ድብብቆሽ ጭራሽ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነጥብ ካለ ከራሴ ፓኬጅ፣ ነጥብ ከሌለ ከሲስ ፓዝ ነው። ነጥቧ የምትሠራው ከፍሮም ጋር ብቻ መሆኑንም ያዢ፤ «ኢምፖርት .ዋጋ» ብሎ ነገር የለም።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ እዚያው አጠገብ ላለው ሞጁል አንድ ነጥብ ጥሩ ናት። ሁለት ነጥብ ሲደርስ ሙሉ ስሙን ብጽፍ እመርጣለሁ። ሦስትና አራት ነጥብ የደረደረ ኮድ ሳይ ግን ጣቴን እያጠፍኩ መቁጠር እጀምራለሁ፤ ያ ደግሞ የፓኬጁ አደረጃጀት ራሱ መታየት እንዳለበት ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ሞጣ ሁለተኛ ደረጃ አይሲቲ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የዕጣ ፕሮግራም ሲሠሩ ፋይላቸውን «ራንደም» ብለው ሰይመው «ኢምፖርት ራንደም» ሲሉ «ራንደም ራንድኢንት የሚባል ነገር የለውም» የሚል ይመጣባቸዋል፤ ራንድኢንት እኮ የዕጣ ቁጥር የሚያወጣው የፓይተኑ ራንደም ፈንክሽን ነው። ስሙን ቀይሩ እያልኩ አልፈዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን በደንብ ላስረዳቸው እፈልግ ነበር።

መልስ፦ መምህር፣ ምክንያቱ ከላይ ካለው ዝርዝር አይወጣም። የስክሪፕቱ ፎልደር አንደኛ ነው ብለናል፣ የፓይተን ላይብረሪ ከሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ተማሪው «ራንደም» ሲል ፓይተን መጀመሪያ ያገኘው የተማሪውን የራሱን ፋይል ነው። ፋይሉ ራሱን ኢምፖርት አደረገ ማለት ነው። በውስጡ ራንድኢንት የለም፣ ስለዚህ ኤረሩ ልክ ነው።

ለክፍል የሚሆን ማሳያ ይሄን ይሞክሩ። «ፕሪንት(ራንደም.ፋይል)» ያስብሏቸው፤ ፋይል የሚለውም ፊትና ኋላው ላይ ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ አለው። የሚወጣው አድራሻ የተማሪው ዴስክቶፕ ሲሆን ሁሉም ወዲያው ይገባቸዋል። ቀጥለው ደግሞ ፋይሉን «ሲስ» ብለው እንዲሰይሙት ያድርጉና በውስጡ «ኢምፖርት ሲስ» እና «ፕሪንት(ሲስ.ፓዝ)» ያስብሏቸው። ምንም ኤረር አይመጣም! ሲስ ከፓይተን ጋር አብሮ የተሰራ ሞጁል ስለሆነ ፍለጋው ፎልደር ላይ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። አንዱ ተሸፍኖ አንዱ የማይሸፈንበትን ምክንያት ተማሪዎቹ ራሳቸው ከፍለጋው ቅደም ተከተል እንዲያወጡት ቢተዉላቸው ጥሩ የቤት ሥራ ይወጣዋል።

በፓይተን 3.13 ላይ ከሆኑ ኤረሩ ራሱ «ይሄ ፋይል ከስታንዳርድ ላይብረሪው ጋር ስም ተጋርቷል፣ ስሙን ቀይረው» የሚል ፍንጭ ይሰጣል። ከ3.11 ጀምሮ ደግሞ ትልቁ ፒ ያለበት «-ፒ» የሚል አማራጭ አለ፤ ያ የመጀመሪያው መስመር ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ እንዳይገባ ያደርጋል። ለጀማሪ ተማሪ ግን ስም መቀየሩ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የኢኒት ፋይል አስፈላጊ ነው ወይስ አይደለም? አንዱ ያስፈልጋል ይላል፣ ሌላው ድሮ ቀረ ይላል። ከፍኖተ ሰላም።

መልስ፦ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ልክ ናቸው። በ2012 ከወጣው ፓይተን 3.3 ወዲህ ኢኒት የሌለው ፎልደርም ኢምፖርት ይደረጋል፤ ኔምስፔስ ፓኬጅ ይባላል። የተሠራው ግን አንድ ትልቅ ፓኬጅ በተለያየ ቦታ ተከፋፍሎ እንዲቀመጥ ለሚፈልጉ እንጂ ፋይል መፍጠር ለሰለቸን አይደለም። ፍለጋው ላይም ይለያል፤ ፓይተን ኢኒት የሌለው «ገበያ» ሲያገኝ አያቆምም፣ ይመዘግበውና ዝርዝሩን ይቀጥላል፣ ወደ ታች ኢኒት ያለው «ገበያ» ካገኘ ያኛውን ይወስዳል። ያንተ ቀድሞ ተገኝቶ ተዘለለ ማለት ነው። ፓኬጅን ለሌላ ሰው እንዲጫን የሚያዘጋጀው ሴትአፕቱልስም ተራውን የፓኬጅ መፈለጊያ ስትጠቀም ኢኒት የሌላቸውን አይቆጥርም፣ ስለዚህ አንተ ጋ ሲሠራ የነበረው ኢንስቶል ያደረገው ሰው ጋ ይጎድላል።

ባዶ ፋይል ነው፣ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ሰላም! ባሕር ዳር ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ ሥራ ጀምረናል። ዋጋ ከሪፖርት አንድ ፈንክሽን ይፈልጋል፣ ሪፖርት ደግሞ ከዋጋ። «ዋጋ በከፊል ብቻ የተጫነ ሞጁል ነው፣ ምናልባት ዙሪያ ጥምጥም ኢምፖርት ይሆናል» አለን። በከፊል ማለት ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ፓይተን ሞጁል ሲጭን መጀመሪያ ባዶውን ሲስ ሞጁልስ ላይ ይመዘግበዋል፣ ከዚያ ነው ኮዱን ከላይ ወደ ታች የሚያስኬደው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆኑ በምክንያት ነው፣ አለዚያ ሁለት የሚጠራሩ ሞጁሎች ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገቡ ነበር።

የናንተን እንከተለው። ዋጋ ተመዘገበ፣ ባዶ ነው። የመጀመሪያ መስመሩ «ፍሮም .ሪፖርት ኢምፖርት ሠንጠረዥ» ይላል። ዋጋ እዚያው መስመር ላይ ቆሞ ሪፖርት መጫን ጀመረ። የሪፖርት የመጀመሪያ መስመር ደግሞ «ፍሮም .ዋጋ ኢምፖርት አማካይ» ይላል። ዋጋ ተመዝግቧል? አዎ። አማካይ በውስጡ አለ? ገና! ዋጋ እኮ አንደኛው መስመር ላይ እንደቆመ ነው፣ አማካይ የተጻፈው ታች አርባኛው መስመር ላይ ነው። «በከፊል» ያላችሁ ይሄን ነው። የዙሪያ ጥምጥሙ ፍንጭ የተጨመረው በፓይተን 3.8 ነው፤ ከዚያ በፊት «ይሄን ስም ማስገባት አልቻልኩም» ብሎ ብቻ ይተዋችሁ ነበር።

ትክክለኛው መድኃኒት ሁለቱም የሚፈልጉትን ነገር አውጥቶ ሦስተኛ ሞጁል ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ ለምሳሌ መሣሪያ ውስጥ። ሁለቱም ከሱ ይወስዳሉ፣ እሱ ከማንም አይወስድም። ጊዜ ከሌላችሁ ኢምፖርቱን ፈንክሽኑ ውስጥ አስገቡት፤ ፈንክሽኑ እስኪጠራ ድረስ ስለማይሠራ ያኔ ሁለቱም ተጭነው አልቀዋል። ይሄኛው ለዛሬ ያሳልፋችኋል፣ ለዓመት ግን አይሆንም።

በዚሁ መዝገብ ምክንያት የሚመጣ ሌላ ጥያቄም ደርሶኛል፤ ጁፒተር በሚባለው የኮድ ማስታወሻ ደብተር ላይ ፋይሉን አስተካክለው ድጋሚ ኢምፖርት ሲሉ የድሮው የሚመጣባቸው ሰዎች አሉ። ሞጁሉ አንዴ ከተመዘገበ ድጋሚ አይነበብም። ኢምፖርትሊብ ውስጥ ያለውን ሪሎድ ተጠቀሙ፣ ወይ ከርነሉን፣ ከጁፒተር ጀርባ ኮዱን የሚያስኬደውን ፓይተን፣ እንደገና አስነሱት።

ጥያቄ፦ ሥራ ቦታ ጃቫ እና ጎ የሚባሉትን ቋንቋዎች ሊያስነኩኝ ነው፣ ጃቫስክሪፕት የሚያስኬደው ኖድም አለ። እዚያስ ይሄው ጣጣ ነው የሚጠብቀኝ? ከእንጅባራ።

መልስ፦ ጣጣው አለ፣ መልኩ ነው የሚለየው። ጃቫ ላይ የፓኬጅ ስምና የፎልደር አቀማመጥ መመሳሰል አለባቸው፣ ፍለጋው የሚነሳውም ክላስፓዝ ከሚባል ዝርዝር ነው። ከፓይተን ለመጣ ሰው የሚያስገርመው ነጥቡ የቤተሰብ ዝምድና አለመሆኑ ነው። «ኢምፖርት ጃቫ.ዩቲል» ብለህ ኮከብ ብታደርግበት ጃቫ.ዩቲል.ኮንከረንት ውስጥ ያለው አንድም ክላስ አይመጣልህም፤ ለጃቫ ሁለቱ ስማቸው የተቀራረበ ሁለት ባዕዳን ናቸው።

ኖድ የፓይተን ተቃራኒ ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል። በስሙ ብቻ የጠራኸውን ፓኬጅ ኖድ ሞጁልስ በሚባል ፎልደር ውስጥ ይፈልጋል፣ ካጣው አንድ ፎልደር ወደ ላይ፣ ካጣው አሁንም ወደ ላይ፣ እስከ ሥሩ ድረስ። የራስህን ፋይል ስትጠራ ግን በነጥብና በዘንግ ካልጀመርክ አያየውም።

ጎ ላይ ጎ ሞድ የሚባል ፋይል የፕሮጀክቱን ስም ይይዛል፣ የፕሮጀክቱ የራሱ ፓኬጆች ኢምፖርት ሁሉ ከዚያ ስም ይጀምራል፤ የምትጠራውም ፋይል ሳይሆን ፎልደር ነው። ለባሕር ዳሮቹ ካስረዳሁት ዙሪያ ጥምጥም ጋር ደግሞ ቀልድ የለውም፣ ኮምፓይል አያደርግልህም። መጀመሪያ ያናድዳል፣ ግን ኮዱ ሳያድግ ነው የሚያስቆምህ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ዳንግላ ነኝ። የፓኬጆቼን ስም በአማርኛ መጻፍ እችላለሁ ወይ? ወንድሜ አይቻልም ብሎኛል።

መልስ፦ ይቻላል። ፓይተን 3 ከመጀመሪያው ጀምሮ የሌላ ቋንቋ ፊደል በስም ውስጥ ይቀበላል፣ ግዕዙን ጨምሮ። ገበያ፣ ጤፍ፣ ዋጋ ብለህ ሰይመህ ኢምፖርት ማድረግ ትችላለህ። ወንድምህ ልክ የሚሆነው በቋንቋው ቁልፍ ቃላት ላይ ነው፤ ፍሮምን «ከ» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እሱም የኛው ነው። እኛ ጎጃም እና ጐጃም ብለን እንደ እጃችን ልማድ እንጽፋለን፣ አንባቢም ቅር አይለውም። ለፓይተን ግን ጎ እና ጐ ፍጹም ሁለት ፊደል ናቸው። ፎልደሩን በአንዱ፣ ኢምፖርቱን በሌላው ከጻፍከው «የለም» ይልሃል፣ አንተም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠህ ልዩነቱን አታየውም። ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚያው። «መሣሪያ» ብዬ የጻፍኩትን ከላይ አንድ ሰው «መሳሪያ» ብሎ ሞክሮት ከሆነ መልሱ ይሄ ነው። የዋሸራ የቅኔ መምህራን በዚህ ነገር ከፓይተን ጋር የሚስማሙ ይመስለኛል።

በስም ውስጥ ክፍት ቦታም ሆነ ቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ (፡) አይገባም፤ ቃላቱን በታች ሰረዝ አያይዛቸው፣ «የጤፍ_ዋጋ» እንደማለት። የግዕዝ ቁጥርም ይገባል፣ በስሙ መጀመሪያ ላይ ካልሆነ፤ «ወር፩» ብትል ይሠራል፣ እስከ ፱ ድረስ። «ወር፲» ስትል ግን ስህተት ነው ይልሃል። ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን በስም ውስጥ እንዲገቡ ፈቅዶ ፲ን እና ከዚያ በላይ ያሉትን ስለተዋቸው ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለቱን ወር የምትመዘግብ ከሆነ ከወዲሁ በተራው ቁጥር ጀምር፤ ጳጉሜን ስትጨምርማ አሥራ ሦስት ነው። ከሌላ ሰው ጋር አብረህ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ኪቦርዱ ላይ የአማርኛ መጻፊያ እንዳለው አስቀድመህ ጠይቀው።